የጀልባዎቹ ወደብ

አክስቴ ባቢን የብረቱን በር ከማጠፊያው ነቅላ ባሕር ውስጥ የጣለችው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ግማሹ መንደር ቆሞ አይቷታል፤ እኔም አይቻታለሁ። ፖሊሱ መጥቶ "ማን አየ?" ብሎ ሲጠይቅ ግን መንደሩ በሙሉ የዚያን ቀን አቀርቅሮ ድንች ሲኮተኩት ነበር።

ነገሩ የመጣው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ፊንባር ሃኬት የሚባል የደብሊን ጥርስ ሐኪም የሟቹን የሶኒን ቤት ከነማሳው ሲገዛ ነው። ማሳው እስከ ባሕሩ ይወርዳል። በጎኑ ከዋናው መንገድ ተነስቶ ወደ ወደባችን የሚያደርስ፣ ግራና ቀኙ በድንጋይ ካብ የታጠረ፣ አንድ ጋሪ ብቻ የሚያሳልፍ መንገድ አለ። ወደብ ስል መርከብ የሚቆምበት እንዳይመስላችሁ። በሁለት ቋጥኝ መሀል የገባ ጠባብ ውኃ ነው፤ አባቶቻችን ጀልባ እየሳቡ የሚያወጡበት ድንጋይ አንጥፈውለታል፣ በቃ። ስሙ ፖርት ና ማድ ነው፤ የጀልባዎቹ ወደብ ማለታችን ነው።

ሃኬት ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ክፉ ቢሆን ነገሩ ይቀለን ነበር። በየነሐሴው ይመጣል፣ ወንበር ግቢው ውስጥ አውጥቶ የመንደሩን ሰው ጥርስ በነጻ ያያል። የእኔንም ሁለት መንጋጋ ነቅሏል። ደግሞ ከእንግሊዝኛ በፊት የነበረውን፣ እኛ ዛሬም የምንናገረውን ቋንቋችንን ይወዳል። ተማሪ ሳለ በቋንቋው ተሸልሟል፤ መዝገበ ቃላቱ ከኮቱ ኪስ አይለይም። "እናንተ እኮ ሀብት ላይ ተቀምጣችሁ አታውቁትም" ይለናል። ሲናገር እያንዳንዱን ቃል እንደ ጥርስ ለብቻው ነቅሎ ነው የሚያወጣው። እኛም እንዳይቸገር ብለን ቀስ እያልን እንመልስለት ነበር። ፍጥነቷን የማትቀንስለት ባቢን ብቻ ነበረች። "ተሸላሚ አይደል? ይድረስብኝ" ትላለች።

በሦስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ ላይ፣ መንገዱ አፍ ላይ የብረት በር ተተከለ። ሰንሰለትና ጓጉንቸር ተንጠለጠለበት። ከበሩ በላይ ደግሞ በወፍራም ሳንቃ ላይ፣ በሚያምር የድሮ ፊደል፣ "ፖርት አን ዋይድ" ተብሎ ተቀርጿል። ከሥሩ በትንሹ "የግል ይዞታ" ይላል።

ጀልባ በእኛ ቋንቋ ባድ ነው። የአንዲት ጀልባ የሆነ ነገር ሲሆን "ብ" ትላላለች፤ ቃሉ ዋይድ ይሆናል። የብዙ ጀልባዎች ሲሆን ግን "ም" ከፊት ትመጣና "ብ"ን አፏን ትይዛታለች። ሲጻፍ "ብ" አብራ ትጻፋለች፣ ሲነገር ግን ትንፍሽ አትልም፤ የሚሰማው ማድ ብቻ ነው። ይህን ማንም አላስተማረንም። የአራት ዓመት ልጅ አይሳሳትበትም። እንግዲህ ሳንቃው የሚለው "የጀልባዋ ወደብ" ነው። አንዲት ጀልባ። የማን? የዚያ ቤት ባለቤት የሆነ ሰው፣ የሌላ የማንም አይደለም ማለት ነው።

ባቢን ያኔ ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነበር። የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ባሏ ከሞተ አስር ዓመት ሆኖታል። ባሕሩ ሲሸሽ በየቀኑ ወደ ወደቡ ወርዳ ከቋጥኞቹ ላይ የሚበላውን የባሕር ሣር ትለቅማለች። ያን ጠዋት ቅርጫቷን ይዛ ስትመጣ እኔ ከበሩ ማዶ የዓሣ ወጥመዶቼን እየጠገንኩ ነበር፤ ሃኬት ደግሞ በሩን ቀለም ይቀባል። ቆመች። ሳንቃውን አነበበች። እንደገና አነበበች።

"ዶክተር፣" አለችው፣ "ሳንቃዎ ተሳስቷል።"

"እንዴት ወይዘሮ ባቢን?"

"ጀልባዎቹ ነው የሚባለው። ና ማድ።"

ሃኬት ብሩሹን አስቀምጦ ፈገግ አለ። "እንደዚያ ስትሉ ሰምቼ እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር። የቤቱ ውል ላይ ግን በነጠላ ነው የተጻፈው። ሰው ሲናገር ሰዋስው ይበላሻል፤ በየትም አገር ያለ ነው፣ አይዘኑ።"

"ማን ነው ያበላሸው?"

"ማንንም እየወቀስኩ አይደለም። ግን እስቲ ይመልከቱ፣" አለና ወደ ውኃው አመለከተ። "ስንት ጀልባ ይታይዎታል? አንድ፣ የዚህ የኮልማን። ስለዚህ ነጠላው እውነታውንም ይገልጻል።"

ባቢን ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠች። እኔ ቅርጫት ስታስቀምጥ ምን እንደሚከተል ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማውቅ ዐይኔን ወጥመዱ ላይ ተከልኩ።

"ስማኝ አንተ፣" አለችው። እርስዎ ማለቱን እዚያው ጣለችው። "በልጅነቴ እዚህ ውኃ ላይ አስራ አራት ጀልባ ቆጥሬያለሁ። የት እንደሄዱ ታውቃለህ? ሰዎቹ ቦስተን ገቡ፣ ለንደን ገቡ። ሦስቱ ደግሞ ከነጀልባቸው እዚያ ከቋጥኙ ወዲያ ታች ናቸው፤ አስከሬናቸውን እንኳ አላገኘንም። እነሱ ስለሌሉ ስማቸው ነጠላ ይሁን? ያንተስ ጥርስ ረግፎ አንድ ቢቀር አፍህን የጥርሱ አፍ ልንለው ነው?"

ሃኬት ጆሮው ቀላ። "ወይዘሮ ባቢን፣ እኔ እኮ ይህን ቋንቋ የምወደው ከማንም በላይ…"

"ውደደው! ማን ከለከለህ? ከአፌ ላይ ግን ውረድ!"

"መልካም። መንገዱ ግን በእኔ ውል ውስጥ ነው። መግባት ሲፈልጉ ቤቱን ያንኳኩ፣ እከፍትልዎታለሁ። ኮልማን እንደሆነ ቁልፍ አለው።"

ምነው እዚያች ደቂቃ ላይ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ። ባቢን ቀስ ብላ ዞረች።

"ቁልፍ?"

"ትናንት ነው የሰጠኝ፣ አክስቴ። ለጊዜው ብዬ ነው እንጂ…"

"ተቀበልክ?"

"ጀልባዬ ከበሩ ወዲያ ነች። ወጥመዶቼም እዚያው ናቸው። ምን ላድርግ?"

"መንጋጋህን ሲነቅል ምላስህንም አብሮ ይዞት ሄደ እንዴ?" አለችኝ። ቅርጫቷን አንስታ ባዶውን ይዛ ተመለሰች።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆማ ሰዉን አንድ በአንድ ያዘችው። ሁሉም አዎ ልክ ነሽ ይላታል፤ ሁሉም ምክንያት አለው። አንዱ የልጁ ጥርስ ሽቦ ገና አላለቀም። አንዷ "ሰውየው እኮ ደግ ነው ባቢን፣ ለአንድ ፊደል ብለን እንጣላው?" አለቻት። ባርትሌ የሚባለው የአጎቴ ልጅ፣ ጀልባውን ሳማ ውስጥ ገልብጦ ከጣለ ስምንት ዓመት የሆነው፣ "እኔ ወደ ባሕር አልወርድ፤ በሩ ምን አደረገኝ?" አለ።

"አንተን ምንም አያደርግህም፣" አለችው። "የተዘጋ ሰው በር ቢዘጋበት ምን ይለያል!"

ከዚያ ወዲያ ማንንም አልለመነችም። ማክሰኞ የባሏን የብረት ዘንግ ይዛ መጣች። ማጠፊያው አዲስ ስለነበር አንድ ሰዓት ፈጀባት። በየመሀሉ ቁጭ ብላ ታርፋለች፤ ስታርፍ ትሳደባለች፣ ተነስታ ትቀጥላለች። ማንም አላገዛትም። እኔ ጀልባዬ ውስጥ ነበርኩ፣ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ከአጠገቧ ለመቆም አልደፈርኩም፣ ለመሄድም አልደፈርኩም። በሩ ሲወልቅ በጋሪ እየጎተተች አመጣችው፣ ድንጋዩ ጫፍ ላይ አቆመችና በእግሯ ገፋችው። ሳንቃውን አልነካችውም። "እሱ ይቆይ፣" አለች፣ "ፍርድ ቤት ያንብበው።"

ሃኬት በእርግጥም ከሰሳት። በኋላ እንደሰማሁት ጎረቤቶቹ የደብሊን ሰዎች "ዝም ካልክ ነገ ጣሪያህን ይነቅሉልሃል" ብለውት ነው።

ፍርድ ቤቱ ከእኛ አርባ ደቂቃ ርቃ ባለች ከተማ ነው። ጠበቃችን ኤትና የምትባል ወጣት ነበረች፤ ከባሕር ሰላጤው ማዶ ያለ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት። ዳኛው ቋንቋችንን ያውቃል፤ ማለቴ ሃኬት እንደሚያውቀው ያውቀዋል።

"በሩን ነቅለዋል?" ሲል ጠየቃት።

"ነቅያለሁ። ከባድ ነበር።"

"ለምን ነቀሉት?"

"ስለተተከለ።"

ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቀም። የሃኬት ጠበቃ እኔን ጠራኝ። ቃለ መሐላ ፈጸምኩ።

"በአሁኑ ጊዜ በወደቡ ስንት ጀልባ አለ?"

"አንድ።"

"የእርስዎ?"

"አዎ።"

"ደንበኛዬ ቁልፍ ሰጥተውዎታል?"

"አዎ።"

"ተቀብለዋል?"

"አዎ።"

"አመሰግናለሁ፣ ይቀመጡ።" በቃ ይኸው ነው የእኔ ምስክርነት። ወደ ወንበሬ ስመለስ ባቢን አላየችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ዳኛው እሷን መልሶ ጠየቃት። "የቦታው ስም በብዙ ቁጥር መሆኑን በምን ያውቃሉ?"

"ስሙ ስለሆነ።"

"ማስረጃዎ ምንድን ነው?"

"እናቴ እንደዚያ ነው የምትለው። የእናቴም እናት። በመንደራችን ሌላ ያለ ሰው የለም።"

"ወይዘሮ፣ ይሄ የአፍ ወሬ ነው። በሌላ በኩል ግን የተፈረመ ውል አለ።"

"ክቡር ዳኛ፣ እርስዎ ስምዎን በምን አወቁ?"

"የልደት ወረቀት አለኝ።"

"ወረቀቱን ማንበብ ከመቻልዎ በፊት እናትዎ ሲጠሩዎት አቤት አይሉም ነበር?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ጠረጴዛውን መታ፣ ፊቱ ተኮሳተረ፣ "የአፍ ቃል ብቻውን ውልን አያፈርስም" ብሎ ጻፈ። ባቢን ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ጨብጣ ተቀመጠች።

ኤትና ተነስታ ሃኬትን ጠራችው።

"በውሉ ላይ ያለውን የቦታ ስም ማን ጻፈው ዶክተር?"

"ጠበቃዬ።"

"ጠበቃዎ ቋንቋውን ይችላሉ?"

"አይችሉም።"

"ታዲያ?"

"እኔ ነገርኳቸው። የድሮው ወረቀት በእንግሊዝኛ ‘የጀልባ ወደብ’ ብቻ ነው የሚለው። ስሙ በራሱ ቋንቋ እንዲጻፍ ፈልጌ ተረጎምኩት። በቅንነት ነው።"

"‘የጀልባ’ ሲል አንድ ነው ብዙ?"

"በእንግሊዝኛው አይለይም።"

"አንድ እንዲሆን የወሰኑት እርስዎ ነዎት ማለት ነው።"

ኤትና ከቦርሳዋ አንድ ትልቅ ወረቀት አውጥታ ዳኛው ፊት ዘረጋችው። የዛሬ መቶ አርባ ዓመት የእንግሊዝ ጦር ቀያሾች በአካባቢያችን ሲዞሩ ያነሱት ካርታ ቅጂ ነበር። ቀያሹ ከቋንቋችን አንዲት ቃል አያውቅም፤ ሰው እየጠየቀ የሰማውን ድምፅ በራሱ ፊደል ይጽፍ ነበር። በእኛ ወደብ ላይ "ፖርትናማድ" ብሎ አንድ ላይ ገጥሞ ጽፎታል።

ዳኛው መነጽሩን አስተካክሎ ጮክ ብሎ አነበበው። ድምፁን ሰማው። እንደገና አነበበው። ከዚያ ቀና አለ።

"ዶክተር ሃኬት፣ ይህቺ ‘ም’ ከየት መጣች?"

ሃኬት ወረቀቱን ተጠግቶ አየ። መልሱን ከክፍሉ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ያወቀው እሱ ነበር፤ ተሸላሚ አይደል? ፊቱ ሲለወጥ አይቻለሁ። ለሦስት ዓመት ከአፋችን ሲሰማው የኖረውን ነገር ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ ሲያየው ገባው።

"ከብዙ ቁጥር ነው ክቡር ዳኛ፣" አለ ዝግ ብሎ። "ነጠላ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ‘ው’ ነበር የሚሰማው። ‘ም’ የምትሰማው ጀልባዎቹ ከአንድ በላይ ሲሆኑ ብቻ ነው።"

"ጸሐፊው ተሳስቶ ይሆን?"

"ቋንቋውን ስለማያውቅ ሊያርመው አይችልም። የሰማውን ነው የጻፈው።"

ዋሸ አልልም። እውነቱን ነው የተናገረው፤ ያስከፋኝም ይኸው ነው። ባቢን ያንኑ ነገር ሚያዝያ ላይ በሩ አጠገብ ቆማ በነጻ ነግራው ነበር።

ዳኛው ከምሳ በኋላ ፈረደ። ስሙ ራሱ እንደሚመሰክረው ወደቡ የአንድ ቤት ሳይሆን የመንደሩ ነው፤ መንገዱም አብሮት ለሁሉም ክፍት ነው። የበሩን ክስ ዘጋው፤ ባቢንን ግን ወደፊት ብረት ዘንግ ሳይሆን ጠበቃ ይዛ እንድትመጣ መከራት። ሰዎቻችን አጨበጨቡ። ያቺ "ለአንድ ፊደል ብለን" ያለችው ሴትዮ ከሁሉም በላይ አጨበጨበች።

ደረጃው ላይ ኤትና ባቢንን አቀፈቻት። "አሸነፍን እኮ እማማ!"

ባቢን እቅፉን አልመለሰችም።

"ማን አሸነፈ?" አለች። "እኔ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጄን ጭኜ ምዬ ነገርኩት፣ አላመነኝም። የእናቴን ስም ጠርቼ ነገርኩት፣ የአፍ ወሬ አለኝ። ያ ወታደር እኮ የሰማው ከእኛው አፍ ነው! ከቅድመ አያቴ ሊሆን ይችላል፣ ከአጥሯ ማዶ ቆሞ! እሷ ስትለው ወሬ፣ እሱ ሲጽፈው ማስረጃ! እሱ ባይሰማት ኖሮ የለችም ነበር ማለት ነው? ያሸነፈው እንግሊዙ ነው፣ እቀፊው እሱን!"

"እማማ፣ በሕግ እኮ…"

"አንቺን አይደለም ልጄ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ። ግን ደስ ይበልሽ አትበይኝ። አይለኝም።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። "ቁልፉ አለ?"

አውጥቼ ሰጠኋት። አልተቀበለችኝም። "ለእኔ ነው እንዴ የሰጠህ? ለባለቤቱ መልስለት። ለምን እንደምትመልስለትም ንገረው።"

ሃኬት መኪናው አጠገብ ብቻውን ቆሞ ነበር። ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። "ኮልማን፣" አለኝ፣ "መስማት ነበረብኝ። አዝናለሁ።" እኔም ነገርኩት። ከበሩ ጀምሬ፣ ስለ አስራ አራቱ ጀልባዎች፣ ከሰጠሙት ከሦስቱ አንዱ ስለሆነው አባቴ፣ "አይዘኑ" ስላላት፣ ቁልፉን ተቀብዬ ስላደርኩበት ሌሊት፣ ሁሉንም። ለመጀመሪያ ጊዜ ፍጥነቴን ሳልቀንስለት ነው የነገርኩት። ግማሹ እንዳመለጠው ፊቱ ያስታውቃል። "ቀስ ብለህ ብትደግምልኝ" አለ። አልደገምኩለትም።

በወሩ አዲስ ሳንቃ አሠርቶ ላከ፤ ያማረ ሥራ ነው፣ "ም"ም "ብ"ም በየቦታቸው ተቀርጸዋል። ሁለት ሌሊት ተሰቅሎ አደረ። በሦስተኛው ቀን ባቢን ወርዳ ብሎኑን ፈታችና ወደ ቤቷ ወሰደችው። "ስሜን በሱ እጅ ደጄ ላይ ተሰቅሎ አላነብም" አለች። እንጨቱ ግን ጥሩ ስለነበር የዶሮ ቤቷን በር አደረገችው። ሃኬት በዚያ ዓመት ነሐሴ ወንበሩን ግቢው ውስጥ አወጣ፤ ሦስት ሰው ብቻ ሄደ። እኔ ጥርሴን ሲያመኝ አውቶቡስ ተሳፍሬ ጎልዌይ ከተማ ሄድኩ።

ባቢን ግን አልበረደላትም። ንዴቷ ከሃኬት አልፎ ወደ እኛ መጣ። ፍርድ ቤት "አንድ" ብዬ የመለስኳት ቃል እንደ እሾህ ተሰክታባት ነበር። "ጠበቃው ቢጠይቅህ ሌላ ምን ትል? አንድ ነው እኮ ያለው! እናንተ ናችሁ አንድ ያደረጋችሁት!" እያለች ክረምቱን በሙሉ አላስቀመጠችንም። በየካቲት የባሏን ጀልባ ከጎተራ አስወጣችኝ። በእንጨቱ ላይ የተወጠረውን ሸራ ቀየርን፣ ውኃ እንዳያስገባ ሬንጅ ቀባን። በመጋቢት ባርትሌ ቤት ሄዳ ደጁ ላይ ቆመች፤ ሳማውን አጭዶ ጀልባውን እስኪገለብጥ ድረስ ሻይ ስጡኝ ሳትል፣ ግቢ ስትባል ሳትገባ፣ ዝናብ እየመታት እየተሳደበች ቆመች። ባርትሌ በመጨረሻ "እሺ! እሺ አልኩሽ እኮ!" እያለ ማጭዱን ፍለጋ ሲሮጥ ሚስቱ ከኩሽና ስትስቅ ትሰማ ነበር።

ግንቦት ላይ ሦስት ጀልባ ውኃ ላይ ነበር። ባቢን ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ሥራችንን ታያለች፤ አንድ ቀን አመስግናን አታውቅም። "እንደዚህ ነው ሬንጅ የሚቀባው? ዳቦ ላይ ቅቤ እየቀባህ ነው እንዴ? አባትህ ቢያይህ ደግሞ ይሞታል!" ትለኛለች።

ከዚያ አራተኛውን ለማንሳት ሄድን። የጎረቤታችን የነበረ፣ ልጆቹ ሁሉ ቦስተን የገቡበት ሰው ጀልባ ነው፤ ከካቡ ጥግ ተደፍቶ ሣር በቅሎበታል። ባርትሌና እኔ በሁለት ጫፍ ይዘን "አንድ፣ ሁለት" ብለን ስናነሳው እንጨቱ በስብሶ ኖሮ እጃችን ላይ ተፈረከሰ። ከውስጡ አንድ አሮጌ መቅዘፊያ ብቻ ወደቀ።

ባቢን አላለቀሰችም። የሰውየውን ልጆች ከታላቁ እስከ ታናሹ፣ አምስቱንም በየስማቸው እየጠራች፣ ባሕሩን ተሻግሮ ይሰማቸው ይመስል ሰደበቻቸው። እስክትጨርስ ሁለታችንም የተፈረከሰውን እንጨት ይዘን ቆምን።

"በሉ እንግዲህ፣" አለች መጨረሻ ላይ፣ በክንዷ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ "ምን ትገተራላችሁ? የሚቀጥለው የማን ነው?"